የጆን ሲድሊ ታሪክ፤ በመጀመሪያ አዲስ አበባ የደረሰችው አውቶሞቢልና ሠሪዋ

በዚህ በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው መጽሔታችን ላይ የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ማንበብ ለሁላችንም የተለመደ ነው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ንጉሥ፣ ስለ ጦር መሪ ወይም ስለ ደራሲ ነው። እኔ ዘንድሮ የመረጥሁት የሸሚዝ ጨርቅ በመቁረጥ ሥራውን ጀምሮ ሎርድ የሚል ማዕረግ አግኝቶ ስለ ሞተ አንድ እንግሊዛዊ ነው። ስሙ ጆን ዴቨንፖርት ሲድሊ ይባላል። በአገሩ በኢንዱስትሪ ሰዎች ዘንድ ስሙ የገነነ ነበረ። በገዛ ስሙ የጠራት አውቶሞቢል ግን ዕድሜዋ አጭር ሆነ፤ ዛሬ ስሟን የሚያነሣት ሰው አይገኝም።

ታዲያ የጭሮ ተማሪ ስለ እንግሊዝ አውቶሞቢል ምን አገባው? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰችው የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል ሲድሊ የምትባለው ነበረች። የመጣችውም በጅቡቲ በኩል፣ በእኛው በሐረርጌ ምድር ነው።

አንባቢ እንዳይደናገር አንድ ነገር ላስታውስ። ስለ ሲድሊ ሕይወት የምጽፈው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ዓ.ም. ብዬ ከጻፍሁ ግን የእኛው አቆጣጠር መሆኑን ዕወቁ።

ጆን ሲድሊ በ1866 ማንቸስተር በተባለችው የፋብሪካ ከተማ ተወለደ። አባቱ የካልሲና የውስጥ ልብስ ነጋዴ ስለ ነበረ ልጁም በመጀመሪያ የሠራው በዚያው በአባቱ ሱቅ የሸሚዝ ጨርቅ በመቁረጥ ነው። ቀን ሲቆርጥ ይውልና ማታ ማታ ደግሞ የመሣሪያ ንድፍ አሣሣል ይማር ነበር። የማታ ትምህርት ምን ያህል እንደሚያደክም በከተማችን የማታ ተማሪ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። በዚህም ላይ ሲድሊ ብርቱ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበረ። በ1892 ሐምበር የተባለው የብስክሌት ፋብሪካ በነዳፊነት ሲቀጥረው የጠቀመው የማታ ትምህርቱ ብቻ ሳይሆን የብስክሌት ችሎታው ጭምር ነበረ።

ብዙም ሳይቆይ በነፋስ ወደሚነፋው ጎማ ንግድ ተሻገረ። በዚያን ጊዜ የነፋስ ጎማ ገና አዲስ ነገር ነበረ። ክሊፐር የሚባለውን የጎማ ኩባንያ በሥራ አስኪያጅነት መራ። በእንግሊዝ አገር እስከ 1896 ድረስ በሞተር የሚሄድ ጋሪ በከተማ ውስጥ በሰዓት ከሁለት ማይል በላይ እንዳይሄድ፣ ከፊቱም ሰው በእግሩ እንዲቀድመው የሚያዝ ሕግ ነበረ። ስንፍና የሚመስለውን ይህን ሕግ ስናነብ በክፍላችን ብዙ ስቀናል። ሕጉ ከተሻረ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1900፣ ከለንደን ተነሥቶ እስከ ኤዲንብራ ደርሶ የሚመለስ የአንድ ሺህ ማይል የአውቶሞቢል ፈተና ተደረገ። ከ60 የሚበልጡ መኪናዎች ተሰለፉ፤ ሲድሊም ከነዱት አንዱ ነበረ። በየመንገዱ ዳር ተሰልፎ ይመለከት ከነበረው ሕዝብ የሚበዛው በዕድሜው አውቶሞቢል አይቶ አያውቅም። ሲድሊ ከዚያ ጉዞ በኋላ ሐሳቡ ሁሉ ወደ አውቶሞቢል ዞረ።

በ1902 በኮቨንትሪ ከተማ በስሙ የሚጠራ የአውቶሞቢል ኩባንያ አቋቋመ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው አንድ ነገር አለ። መኪናዎቹ ስማቸው ሲድሊ ይሁን እንጂ በመጀመሪያ የተሠሩት በፈረንሳዩ ፔጆ ንድፍ ነበር። ቀጥሎም ቪከርስ የተባለው ትልቁ የመርከብና የመድፍ ሠሪ ኩባንያ በፋብሪካው ይሠራለት ጀመር። ሲድሊ የሚሸጥና ስም የሚያወጣ ሰው ሆነ፤ ብረቱን የሚያቀልጠውና የሚሞርደው ሌላ ነው። ድሬዳዋ ዘመድ ያለን ሰዎች ለረጅም ዘመን በታክሲነት ያገለገለውን ፔጆ 404 እናውቀዋለን። ንድፉን ያበደረው ፔጆ ስሙ እስከ እኛ አያቶች፣ ከዚያም እስከ እኛ ሲደርስ ተበዳሪው ሲድሊ ከመንገድ ጠፋ።

ቪከርስ ዎልስሊ የሚባል ሌላ የአውቶሞቢል ፋብሪካም ነበረው። የዚያ ፋብሪካ አለቃ ኋላ ስሙ በዓለም የተሰማው ኸርበርት ኦስቲን ነው። ኦስቲን የሞተሩ ሲሊንደር እንደ ተኛ ሰው ተጋድሞ መሠራት አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ነበረ። ሲድሊ ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመውን ሞተር መረጠ። የቆመው ሞተር ሲሊንደር ለመጨመር ይመቻል፤ ሠራተኛም ኮፈኑን ከፍቶ በቀላሉ ይደርስበታል። ገዢዎች ወደ ቆመው ሞተር እያዘነበሉ ሲሄዱ ኦስቲን ግን አልበገርም አለ። ነገሩ በ1905 አለቀ። ቪከርስ የሲድሊን ኩባንያ ከዎልስሊ ጋር ቀላቀለው፤ ኦስቲን ለቅቆ ሄዶ የራሱን ፋብሪካ መሠረተ፤ ሲድሊም በኦስቲን ወንበር ተቀመጠ።

እንግዲህ ሲድሊ በስሙ ብቻ የሚጠራ ነጻ ኩባንያ የነበረው ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ከ1905 በኋላ መኪናዎቹ ዎልስሊ-ሲድሊ በሚል ጥምር ስም ይጠሩ ጀመር። ሰው ግን አጠር አድርጎ ሲድሊ ብቻ ይላቸው ነበር። ይህ አጠራር ኋላ ጠብ እንዳመጣ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ዳግማዊ ምኒልክ ለአዲስ መሣሪያ የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ነው። ስልኩንም ባቡሩንም የፈቀዱ እርሳቸው ናቸው። ነጋዴው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ ከባድ መኪና አዲስ አበባ ሲገባ የሰርኪስ ባቡር ተብሎ ለሕዝቡ መነጋገሪያ የሆነውም በእርሳቸው ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ገንዘብ አልቆ ሥራው ቆሞ ነበር። ከድሬዳዋ ወዲህ ያለው መንገድ ሁሉ የበቅሎና የግመል ነበረ።

ቤንትሌይ የሚባል አንድ እንግሊዛዊ ሲድሊ አውቶሞቢል ይዞ የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው። ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ የሚወስዱት መንገዶች ሁለት መሆናቸውን የምዕራብ ሐረርጌ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንደኛው የላዩ ነው፤ በቁልቢ፣ በሂርናና በጨርጨር ተራራ ላይ ዞሮ ይወርዳል። ሁለተኛው የታቹ ነው፤ በአፍደምና በሚኤሶ በኩል በቆላው ያልፋል። የላዩ ውሃና ጥላ አለው፤ ዳገቱ ግን በቅሎን እንኳ ያስጨንቃል። የታቹ ሜዳ ነው፤ ፀሐዩና ድንጋዩ፣ ክረምት ሲሆን ድንገት የሚሞላው ደረቅ ወንዝ ግን መከራ ነው። ዛሬ ከጭሮ ቁልቁል ወደ ሚኤሶ ስንወርድ አስፋልቱ ላይ ሆነን እንኳ ሹፌሩ ማርሽ ሲቀንስ ልባችን ይፈራል። ያን ጊዜ አስፋልት የለም፣ ድልድይ የለም፣ ቤንዚን የሚቀዳበት ቦታ የለም። የሚያስፈልገው ቤንዚን ሁሉ በጋማ ከብት ወይም በግመል መጫን ነበረበት። ከፈረስ ይበልጣል የተባለው መሣሪያ ያለ ግመል አንድ ቀን አይሄድም ማለት ነው!

ይህ ሁሉ እያለ ሲድሊ አዲስ አበባ ደረሰች። ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፈሩባት። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ አውቶሞቢል ይዞ ስለ ደረሰ፣ ሲድሊ የቀደመችው በጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ሆልትስም ስለ ጉዞው መጽሐፍ ጽፎ በዚያው ዓመት በበርሊን አሳተመ።

አውቶሞቢል የሚሸጥ ሰው እንዲህ ያለ ዕድል ካገኘ፣ ማለትም ንጉሠ ነገሥት ከተሳፈሩለት፣ ሌላው መኳንንት ይከተላል ብሎ ተስፋ ማድረጉ አይቀርም። ነገር ግን አንዲት አውቶሞቢል ተራራ መውጣቷ ብቻውን ገበያ አይሆንም። መንገድ ያስፈልጋል፣ ቤንዚን ያስፈልጋል፣ የተሰበረውን የሚተካ ዕቃና የሚያውቅ እጅ ያስፈልጋል። ምኒልክም ብዙ ሳይቆዩ በጽኑ ታመሙ፤ በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የሐረርጌ ዕቃና ሰው በባቡር ይሄድ ጀመር። በጨርጨር የመንገድ ነገር የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ከተማችንን በማቅናት ስማቸው የሚነሣው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት፣ ከእርሳቸውም በኋላ ጨርጨርን የገዙት ሐኪም ወርቅነህ ለዘመናዊ አስተዳደርና ለመንገድ ያደረጉት ድካም ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ለሚመጣው ዓመት ከጓደኞቼ አንዱ ቢጽፈው ደስ ይለኛል።

ይህን ጽሑፍ ስጽፍ በአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ወደሚሠሩ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ሄጄ ነበር። ጋሼ ሲድሊ የሚባል መኪና ሰምተው ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ፊያቱንም ላንድሮቨሩንም ኦስቲኑንም ሲፈቱ ኖረዋል፤ ሲድሊን ግን ሰምተው አያውቁም። ቀጥለውም መልሰው እኔን የጠየቁኝ ስለ ሞተሩ ጉልበት ወይም ስለ ፍጥነቱ አልነበረም፤ መለዋወጫው የት ይገኛል ብለው ነው። እኔም መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን የዚህች አውቶሞቢል ችግር ሁሉ በዚያች ጥያቄ ውስጥ ያለ መሰለኝ። ሲድሊ የራሱ ፋብሪካ አልነበረውም። መለዋወጫው ያለው በሌላ ሰው መጋዘን፣ የሞተሩ ሥዕል በሌላ ሰው ሣጥን ነበረ። ባለፋብሪካው ስሙን ባልወደደው ቀን መኪናው አብሮ ይቀበራል።

የሆነውም ይኸው ነው። የቪከርስ ሹማምንት ዎልስሊ የሚለው ስማቸው በሲድሊ ስም እየተሸፈነ መሄዱ አላስደሰታቸውም። ፋብሪካው ትርፍ ቢያመጣላቸው ኖሮ ምናልባት ይታገሡት ነበር። ገንዘቡ ግን ይጎድል ጀመር። በ1909 ሲድሊ ሥራውን ለቀቀ። ጥቂት ቆይቶ በመኪናው ላይ የቀረው ዎልስሊ የሚለው ስም ብቻ ሆነ። ያም ቢሆን አልበጀውም፤ ዎልስሊ በ1927 ተወዳዳሪው ዊልያም ሞሪስ የገዛው ከስሮ ሳለ ነው። ከዎልስሊ የወጣው ኦስቲን ግን በ1922 ኦስቲን ሰባት የተባለችውን ትንሽ መኪና አውጥቶ ተራው እንግሊዛዊ ሁሉ ባለመኪና እንዲሆን አስቻለ። በእኔ አስተያየት ሲድሊ በሞተሩ ክርክር ኦስቲንን ረታው፤ በገበያው ክርክር ግን ኦስቲን ረታው።

ሲድሊ ከዎልስሊ ሲወጣ ዕድሜው 43 ዓመት ነበረ። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ወደ አባቱ ሱቅ ይመለስ ነበር። እርሱ ግን በኮቨንትሪ ሲንገዳገድ የነበረውን የዲዚን ኩባንያ ያዘ። ካፕቴን ዲዚ የቲቤትን ተራሮች ያሰሰ የጦር መኮንን ነበረ፤ አውቶሞቢል መሥራት ግን ተራራ ከመውጣት ከብዶት ሄዷል። ሲድሊ ፋብሪካውን አቃናው፤ በ1912ም ስሙ ሲድሊ-ዲዚ ሆነ። መኪናው ድምፅ የሌለውና ምሥጢሩ የማይታወቅ ነው ለማለት በግብፅ በረሃ የተቀመጠችውን የሰው ፊትና የአንበሳ አካል ያላትን ስፊንክስ ምልክት አደረገለት። ይህችም ምልክት እስከ መጨረሻው አልተለወጠችም።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ፋብሪካው ለጦር ሠራዊቱ አምቡላንስና ሌላም መኪና፣ በኋላም ፑማ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በሺህ ቁጥር ሠራ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሠራተኞቹ 5 ሺህ ያህል ደርሰው ነበር። የሲድሊ ሀብት የመጣው ከዚህ ነው። ከዚህ በኋላም ልቡ ወደ አየር ከፍ አለ ብንል ከእውነት አንርቅም። በ1919 ከአርምስትሮንግ ዊትዎርዝ የመኪና ክፍል ጋር ተዋሕዶ አርምስትሮንግ ሲድሊ የተባለው ኩባንያ ተወለደ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ሲድሊ የሸሪኮቹን ድርሻ ገዝቶ ባለቤትነቱን በእጁ አደረገ።

ስለ ጠባዩ የሚባለው ሁሉ ምስጋና አይደለም። ትዕዛዙን የሚያስከብር፣ ማንንም የማያምን፣ ከመሐንዲሶቹ ጋር ብዙ የሚጋጭ ሰው ነበረ። ቢሆንም ለአዲስ ነገር ዓይኑ ክፍት ነበር። ዊልሰን የተባለው መሐንዲስ ያወጣውን፣ ነጂው ማርሹን አስቀድሞ መርጦ ኋላ በእግሩ አንድ ጊዜ ሲረግጥ የሚገባለትን የማርሽ ሣጥን ገንዘቡን አውጥቶ አስፋፋው። በዚያ ዘመን ማርሽ መቀየር ትልቅ ጥበብ ነበረ፤ የማይችል ሰው መኪናውን እያስጮኸ ያልፍ ነበር።

ይሁን እንጂ አርምስትሮንግ ሲድሊ መኪናው ጠንካራ፣ ምቹና ውድ ሆኖ ቀረ። የሚገዙት ሐኪሞች፣ የባንክ ሹማምንትና ጡረታ የወጡ መኮንኖች ናቸው። እነርሱ ደግሞ በቁጥር ጥቂት ናቸው። በፋብሪካው ውስጥም ዋናው ገንዘብ የሚገኘው ከአውሮፕላን ሞተር ስለ ሆነ መኪናው የእንጀራ ልጅ ያህል ሆነ። ሌሎች ፋብሪካዎች ብዙ ሠርተው በርካሽ ሲሸጡ፣ እርሱ ጥቂት ሠርቶ በውድ ሸጠ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንኳ መኪናዎቹ ላንካስተርና ሃሪኬን እየተባሉ በአውሮፕላን ስም መጠራታቸው ልባቸው የት እንደ ነበረ ያሳያል። ጃጓር የተባለው ኩባንያ ከእርሱ የፈጠነውን መኪና ባነሰ ዋጋ ሲያወጣ ነገሩ አበቃ። የመጨረሻው አርምስትሮንግ ሲድሊ አውቶሞቢል ከፋብሪካው የወጣው በ1960 ነው።

ሲድሊ ራሱ ይህን አላየም። በ1932 ሰር የሚለውን ማዕረግ አገኘ፤ በ1935 ኩባንያውን ለሆከር አውሮፕላን ሠሪዎች ሸጠ። ሆከር ሲድሊ የተባለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከሥራ ወጣ። በ1937 ደግሞ ባሮን ኬንልወርዝ ተባለ። በዚያው ጊዜ ለአውሮፕላን ኢንዱስትሪ ሠራተኞች መረዳጃ አንድ መቶ ሺህ ፓውንድ ሰጠ፤ በኮቨንትሪ አቅራቢያ የሚገኘውን የጥንቱን የኬንልወርዝ ግንብም ገዛ። ለዘመናት ፈርሶ የኖረ ግንብ ነው፤ ሸሚዝ ቆራጩ የማንቸስተር ልጅ ለምን እንደ ፈለገው እያንዳንዱ አንባቢ እንደ መሰለው ይገምት።

በመጨረሻ ዘመኑ ወደ ጀርዚ ደሴት ሄዶ ተቀመጠ። በኅዳር ወር 1953 በ87 ዓመቱ እዚያው ሞተ። ግንቡም በ1958 ለኬንልወርዝ ከተማ ሕዝብ ተሰጠ። ስሙ በአየር ላይ ጥቂት ቆይቷል፤ ብሪስቶል ሲድሊ የተባለው የሞተር ፋብሪካ ኋላ ኮንኮርድን ያበረረውን የኦሊምፐስ ሞተር ሲሠራ ቆይቶ በ1966 ወደ ሮልስ ሮይስ ገባ፤ የሆከር ሲድሊ የአውሮፕላን ሥራም በ1977 ወደ መንግሥት እጅ ተላለፈ።

ወደ መካኒኩ ተመልሼ ይህን ሁሉ ነገርኋቸው። የጥንቶቹን መኪናዎች የሚወዱ የእንግሊዝ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው የቀሩትን አርምስትሮንግ ሲድሊዎች እየጠገኑ እንደሚነዱ ስነግራቸው፣ የጎደለውን ዕቃ ራሳቸው ያስቀርጹታል ማለት ነው ብለው ተገረሙ። ከዚያም ከታች ገብተው የአንድ አይሱዙ ዘይት ማፍሰስ ጀመሩ።